የጨረቃው ሰው ጥሩር

ባሌን በገዛ እጄ አስሬ ልገድለው ነበር። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። እናንተም ከፈለጋችሁ ሳቁ፤ እስከ ኩሬው ድረስ ተፈቅዶላችኋል።

ጊዜው በሃምሳዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ስንዱ እባላለሁ፤ የጎንደር ልጅ ነኝ። አባቴ ልብስ ሰፊ ስለነበር ከፊደል በፊት መርፌ ነው የያዝኩት። ቤተሰብ መርጦልኝ ይርጋ የሚባል መምህር አገባሁና ወረታ መጣሁ። ይርጋ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገር እጁን የሚያወናጭፍ፣ ክፉ ቃል ከአፉ የማይወጣ ሰው ነው። ችግሩ እሱ አልነበረም። ችግሩ እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ አለመቻሌ ነው።

ወረታ ያኔ በአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ የተኮለኮሉ ጥቂት ቤቶች ነበረች። በጋ አቧራ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ የፎገራ ሜዳ ሁሉ ውሃ ይተኛበታል፤ ከብቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይውላል፣ ትንኙ ሰው አያስተኛም። የመጀመሪያውን ክረምት በወባ ስንዘፈዘፍ ከረምኩ። ከዚያ ወዲያ የጀመርኩትን ሥራ አልጨርስም። ወጥ ጥጄ በር ላይ እቆማለሁ፤ መኪና ሲያልፍ ልቤ ከኋላው ተንጠልጥሎ ወደ ጎንደር ይሄዳል፤ ስመለስ ወጡ አርሯል። ይርጋ «ምን ሆንሽ?» ይለኛል። «ምንም» እለዋለሁ። ምን እንደሆንኩ እኔም በደንብ አላውቀውም ነበር።

በዚያ ዓመት ግንቦት ሲገባ ቆረጥኩ። ሌላ ክረምት እዚህ አልከርምም። ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ከአልጋው ሥር ገፋሁት። ትምህርት ቤቱ የወላጆችን ቀን እሑድ ሊያከብር ተዘጋጅቷል፤ ባሌን በሰው ፊት እንዳላዋርደው ያን ቀን አብሬው እቀመጥና ሰኞ በጠዋቱ አውቶቡስ እሄዳለሁ አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

ሻንጣውን በገፋሁ በጥቂት ቀን ይርጋ ከአንድ አሮጌ መጽሔት የተቀደደ ገጽ ይዞ መጣ። በሥዕሉ ላይ ከራሱ እስከ እግሩ በብረት የተሸፈነ፣ ፊቱ በክብ ነገር ውስጥ የተቀመጠ ሰው ቆሟል። ሰው ወደ ሰማይ መውጣት መጀመሩ በራዲዮ የሚወራበት ጊዜ ነው፤ ሻይ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ስለ ጨረቃ አዋቂ ሆኗል።

«ለእሑዱ ቲያትር የጨረቃ ሰው ያስፈልገናል» አለኝ እጁን እያወናጨፈ። «ከብዙ ዘመን በኋላ ጨረቃ ላይ የሚኖር ሰው ነው። ቁልቁል ይወርድና የፎገራን ገበሬ ያነጋግራል። እኔ ነኝ የምጫወተው። እንዲህ ያለ ጥሩር ሥሪልኝ።»

«እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ እንጂ ብረት ቀጥቃጭ ነኝ እንዴ?»

«ልብስ ነው ብለሽ አስቢው።»

እስከ ሰኞ ጊዜ ይገፋልኛል ብዬ እሺ አልኩት። ከዚያማ ነገሩ ያዘኝ። መንገድ ሠሪዎች ጥለውት የሄዱትን የሬንጅ በርሜል አያ ብሩ ለሚባለው ቀጥቃጭ ወሰድኩለትና ደረቱንና ጀርባውን በከሰል ሥዬ አስቆረጥኩ። ለክንዱ ደንገል ገመድኩ፤ ታንኳ የሚሠሩበት ደንገል ቀላልም ጠንካራም ነው። በላዩ ተማሪዎቹ ከሲጋራ ፓኮ የለቃቀሙትን የብር ወረቀት ለጠፍኩበት። ለራሱ የጎረቤት የተሰነጠቀ ወተት መግፊያ ቅል አግኝቼ በፊት በኩል መስኮት አወጣሁለት። ደጋግሜ ባጥበውም የቅቤው ሽታ አልለቀቀውም። የጨረቃ ሰው የፎገራ ቅቤ ሊሸት ነው ብለን ሳቅን።

የቀረው የደረቱን ብረት ከጀርባው ጋር ማያያዝ ነው። ሲባጎ ስፈትል ጎረቤታችን አያ ካሴ አየኝ። አያ ካሴ በእድሜ የገፋ፣ በሬና ሞፈር ሲያውቅ የኖረ ገበሬ ነው።

«ምነው ልጄ፣ ብረት በሲባጎ ይያዛል? በጠፍር ነው እንጂ!» ብሎ ከበሬ ጥሬ ቆዳ የተተለተለ እርጥብ ጠፍር አመጣልኝ። «እርጥቡን እሰሪው። ሲደርቅ የሚፈታው የለም።»

እውነቱን ነው። በአገሩ የሚታሰር ነገር ሁሉ እንዲያ ነው የሚታሰረው። ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ በርጩማው፣ የምንተኛበት አልጋ ሳይቀር በእርጥብ ጠፍር ተወጥሮ፣ ጠፍሩ ሲደርቅ እየተኮማተረ ነው የሚጠነክረው። አያ ካሴም ይህን ያውቃል፣ ይርጋም ያውቃል፣ እኔም ከመጣሁ አውቄያለሁ። በጠፍር ውስጥ ሰው ታስሮ ግን ማናችንም አላየንም።

ቅዳሜ ጠዋት ልለካው ግቢ ውስጥ አቆምኩት። ልብስ በሰውነት ላይ ነው የሚስተካከለው ብዬ፣ ብረቱን ከሸሚዙ በላይ አልብሼ ግራና ቀኝ ጎኑን በእርጥቡ ጠፍር እየሸመቀቅኩ አሰርኩት። በብረቱና በጎኑ መካከል ሁለት ጣቴ ይገባል። ወደ ላይ ገፍቼ ሞከርኩት፤ በጭንቅላቱ ይወጣል። ሲደርቅ የሰውነቱን ቅርፅ እንዲይዝ ትንሽ ፀሐይ ላይ ያቆየዋል፤ ከዚያ እንደ ሸሚዝ አወልቅለታለሁ። ሐሳቤ ይኸው ነበር።

አባቴ ደግሞ ሁልጊዜ ስፌት መታየት የለበትም ይል ነበር። ስለዚህ የደረቱን ብረት ሳስቆርጥ ትርፍ ጠርዝ አስተርፌ ነበር። ያን ትርፍ በማሰሪያው ላይ አጠፍኩና ከሥሩ እንጨት ደግፌ በመዶሻ ቀስ አድርጌ አስተኛሁት። ጠፍሩም ቋጠሮውም ጠፋ። ዞሬ ሳየው ከየት እንደተሰፋ እኔው ራሴ አላውቀውም። እንዴት እንደኮራሁ!

ይርጋ ቅሉን ደፍቶ በግቢው ተንጎራደደ። «የምድር ሰዎች ሆይ!» ሲል ድምፁ ከቅሉ ውስጥ እንደ ከበሮ ወጣ። አጥር ላይ የተንጠለጠሉት ልጆች እየተንጫጩ ሸሹ። እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

«አሁን ፀሐይ ላይ ተቀመጥ» ብዬው ገባሁ።

የዚያን ቀን ፀሐይ ዝናብ ከመጣሉ በፊት እንደሚመጣው ዓይነት ነው፤ ድንጋይ ያቃጥላል። ቤት ገብቼ ሻንጣዬን ስቤ አወጣሁ። ነጠላዬን ከተትኩ፣ መልሼ አወጣሁት፣ እንደገና ከተትኩት። አንድ የጭነት መኪና አለፈ።

«ስንዱ፣ ትንሽ ጠበበኝ» አለ ይርጋ ከውጭ።

«አዲስ ልብስ መጀመሪያ ያጠባል!» አልኩ። ለደንበኛ ሁሉ የምንለው ነው።

ጥቂት ቆይቶ እንደገና ጠራኝ። «መጣሁ» አልኩና ሻንጣውን መዝጋት ያዝኩ። በሦስተኛው ስሜን ሙሉውን አልጠራውም። «ስን…» ብሎ ቀረ።

ስወጣ ቅሉን አውልቆ ጥሎታል። ከንፈሩ አመድ መስሏል፣ ዓይኑ ፈጧል፣ አፉ ይከፈታል ግን አየር በደንብ አይገባም። ሁለት ጣቴ የገባበት ቦታ አሁን ጥፍሬም አልገባ አለ። ወደ ላይ ብገፋው ብረቱ ብብቱ ላይ ተቀርቅሮ ቀረ። ቢላዋ አመጣሁ፤ የሚቆረጠው ጠፍር በራሴ ጠርዝ ሥር ተቀብሯል። ጠርዙን በጉጠት ልግለጠው ብል ደረቱና ጀርባው ተስበው ስለተጣበቁ ጉጠቱ የሚነክሰው ጫፍ አጣ። እንዳይታይ ብዬ የደበቅኩትን ስፌት እኔ ራሴ መፈለግ ጀመርኩ።

«አያ ካሴ! አያ ካሴ፣ ይድረሱልኝ!»

ቅዳሜ ስለማይታረስ ቤቱ ነበር። ማረሻ ይዞ እየሮጠ መጣና ጫፉን በብረቱ ሥር ሰክቶ ሊፈለቅቀው ሞከረ። ይርጋ አቃሰተ። ማረሻው ጠርዙን የሚያነሳው የይርጋን ጎን ተደግፎ ነው፤ አንድ ጊዜ ቢደገም የጎኑን አጥንት ይሰብረዋል።

«ብሩን ጥሩ! ብሩ ይቁረጠው!» አለ አያ ካሴ።

«አንበሳሜ ገበያ ወርዷል» አለች አንዲት ጎረቤት። «እናንተም በሰንበት ብረት ስትቀጠቅጡ ውላችሁ!»

እኔ ውሃ በእንስራ አምጥቼ አፈሰስኩበት። ውሃው ብረቱ ላይ እየተንሸራተተ ወረደ፤ ጠርዜ ለውሃም አይከፈትም። ፀሐዩ መልሶ አደረቀው።

አያ ካሴ መሬት የፈሰሰውን ውሃ አየና «ጠፍር የሚለሰልሰው ሲዘፈዘፍ ነው» አለ። «ከነነፍሱ እንዘፍዝፈው። ወደ ኩሬው!»

ከከተማው ጫፍ ወደ ቁሐር ሚካኤል በሚወስደው በኩል ከብት የሚጠጣበት ኩሬ አለ። ይርጋ መራመድ አይችልም። አልጋችንን አወጣንና እሱን አጋደምንበት፤ የሰፈር ወንዶች ተሸክመው ሮጡ። እኔ እጁን ይዤ ከጎን እሮጣለሁ። መንገድ ላይ ሴቶች አልጋ ሲያዩ ሰው የሞተ መሰላቸው። «ወየው! ማን ሞተ?» ብለው ነጠላቸውን አሸረጡ። አንዷ ማልቀስ ጀመረች፤ ሌሎቹ ተከተሏት። ይርጋ አንድ ጣቱን ወደ ላይ አነሳ። አለሁ ማለቱ ነው። እሱን ሲያዩ ደግሞ ባሰባቸው፤ ብር የለበሰ ሬሳ ጣቱን ሲያነሳ አይቶ የማያለቅስ ማን አለ?

ኩሬው ስንደርስ ልጆች ከብቱን ከውስጡ አስወጡ። ከነልብሴ ገባሁ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ዋጠኝ። እኔ ከኋላው ተቀምጬ ጀርባውን ደረቴ ላይ አስደገፍኩት፤ ከአገጩ በላይ ብቻ ከውሃው ውጭ ቀረ። አያ ካሴ ከፊቱ ቆሞ ትከሻውን ይዟል።

«አሁን መጠበቅ ነው» አለ። «ካልለሰለሰ አትንኪው። ብትጎትቺው ይብስ ያጠብቃል።»

መጠበቅ! በሕይወቴ የማልችለው አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው። እጄ ራሱ እየተነሳ ወደ ብረቱ ይሄዳል፤ አያ ካሴ ይመታኛል። የይርጋን ትንፋሽ ጆሮዬ ውስጥ እሰማዋለሁ፤ ከጉሮሮው አይወርድም፤ እዚያው ከላይ ተቆርጦ ይመለሳል። ባጠረ ቁጥር የእኔም አብሮ ያጥራል። አልቅት እግሬ ላይ ሲጣበቅ ተሰማኝ፤ አልነካሁትም። ዳር ላይ የቆሙት አንዱ ጠበል ይምጣ ይላል፣ ሌላው መኪና ይቁም ይላል። እግዚአብሔርን ለመንኩት፤ ምን እንዳልኩት ግን አላስታውስም።

ወሬው ትምህርት ቤት ደርሶ ኖሮ ዳይሬክተሩ ጃንጥላውን ይዞ እየሮጠ መጣ።

«መምህር ይርጋ! ምንድን ነው ይሄ?»

«ለነገው ቲያትር ነው» አልኩ እኔ። «የጨረቃው ሰው ልብስ ነው፤ ጠበበው።»

«የምን የጨረቃ ሰው?» አለ ዳይሬክተሩ ግራ ተጋብቶ። «የነገው ቲያትር በመሬት የሚካሰሱ ሁለት ወንድማማቾች ታሪክ ነው። መምህር ይርጋ መጋረጃ ጎታች ናቸው እንጂ ምንም ቦታ የላቸውም!»

የይርጋን ፊት ማየት አልችልም፤ ጀርባው ነው ያለው እኔ ጋ። ጆሮው ግን ሲቀላ አየሁ።

«ይርጋ?»

«ሻንጣውን… አየሁት» አለ። በየቃሉ መካከል አየር ይፈልጋል። «ከአልጋው ሥር።»

«ዝም በል፤ ትንፋሽህን አትጨርስ።»

«ተቀመጪ ብልሽ… የምትቀመጪ አይደለሽም። እጅሽ ሥራ ሲይዝ… ታንጎራጉሪያለሽ። አታውቂውም እንጂ… ታንጎራጉሪያለሽ። ከዚህ በፊት… ሰምቼሽ አላውቅም። ትልቅ ሥራ ብሰጥሽ… መሄዱን ትረሺዋለሽ ብዬ…»

እንዴት እንደተናደድኩ! እንዴትስ እንዳሳዘነኝ! ሁለቱ አንድ ላይ መጡብኝ። «አንተ ሞኝ!» አልኩት እያለቀስኩ። «ለዚህ ብለህ ነው? ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«አንቺስ… ነገርሽኝ?»

ግንባሬን ማጅራቱ ላይ ደፋሁ።

ስንት ሰዓት እንደተቀመጥን አላውቅም። ፀሐዩ ከአናታችን ወደ ምዕራብ አጋድሏል። ይርጋ ማውራት ካቆመ ቆይቷል፤ ጭንቅላቱ ትከሻዬ ላይ እየከበደ ነው። «ይርጋ!» እለዋለሁ፤ ጣቱን ያነሳል። እንደገና እለዋለሁ፤ ያነሳል። አንድ ጊዜ ጠራሁት፤ ጣቱ ቀረ።

«አያ ካሴ፣ ጣቱ! ጣቱን አላነሳም!»

አያ ካሴ እጁን በውሃው ውስጥ በብረቱ ታች ሰደደ። ፊቱ ተለወጠ። «ለስልሷል» አለ። «እንደ ዓሣ ይንሸራተታል። እኔ ከላይ ልሳብ፣ አንቺ ከታች ግፊ። አሁን!»

ውሃ ውስጥ ጠለቅኩ። ጭቃ ዓይኔ ገባ። ሁለት መዳፌን ከብረቱ ሥር አድርጌ ባለኝ ጉልበት ገፋሁ። ጠፍሩ ሲሳብ፣ ሲሳብ፣ ትንሽ ሲላላ ተሰማኝ። ብረቱ ብብቱ ላይ ደርሶ ቆመ። አያ ካሴ የይርጋን ክንዶች ወደ ላይ አነሳና እኔ ደግሜ ገፋሁ። የብብቱ ቆዳ ተላጠ፣ ጆሮው ተጫረ፣ ከዚያ ያ ሁሉ ብረት ድንገት በጭንቅላቱ ወጥቶ ኩሬው ውስጥ ወደቀ።

ከውሃው ስወጣ ጸጥታ ነበር። ከዚያ ይርጋ ተነፈሰ።

ያን ትንፋሽ እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ከእግሩ ጀምሮ የመጣ ነው የሚመስለው። ረጅም፣ ሻካራ፣ መጨረሻው ሳል የሆነ። ሁለተኛውም መጣ። ሦስተኛውም። ዳር ያሉት ሴቶች እልል አሉ፤ ለልቅሶ ያሸረጡትን ነጠላ እያወዛወዙ። እኔ ጭቃ ውስጥ ተቀምጬ እንደ ሕፃን ነፈረቅኩ።

እሑድ የወላጆች ቀን ያለ ይርጋ ተከበረ፤ መጋረጃውን ሌላ ሰው ጎተተ። ይርጋ ተኝቶ ዋለ፤ ጎኑ ላይ ጠፍሩ ያለፈበት ሁሉ ጠቁሮ ነበር። ስለ ሻንጣው ሁለታችንም አላነሳንም።

ሰኞ ጠዋት ስነቃ አልጋው ላይ የለም። ተንበርክኮ ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር ስቦ አውጥቶ አቧራውን እያራገፈ ነው።

«አውቶቡሱ እንዳያመልጥሽ» አለኝ።

«ለምን አትከለክለኝም?»

እጁን ጎኑ ላይ አሳረፈ። «ስንዱ፣ ያ ብረት ሲወልቅ እንዴት እንደተነፈስኩ ሰምተሻል። አንቺ እዚህ ቤት ከገባሽ እንዲያ ስትተነፍሺ ሰምቼ አላውቅም። ሂጂ።»

እሱ መሸከም ስላልቻለ አያ ካሴ ሻንጣውን ተሸክሞ መንገድ ድረስ አደረሰኝ። አውቶቡሱ ላይ ወጣሁ። ሄድኩ።

ጎንደር አባቴ ቤት ከገባሁ ጥቂት ቀን ደስ አለኝ። ከዚያ አንድ ቀን ወጥ ጥጄ በር ላይ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። መኪና ሲያልፍ ጆሮዬ ተከትሎት ይሄዳል፤ ያኛው ወደ ታች ወደ ፎገራ የሚወርደው ነው። አለመቀመጤ ከወረታ አልነበረም ማለት ነው፤ ከኔው ጋር አውቶቡስ ተሳፍሮ መጥቷል። ደግሞም ሌሊት ሌሊት የምሰማው ያን የኩሬ ትንፋሽ ነበር።

አባቴን አሮጌውን የስፌት መኪና ለመንኩት። ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ እየወረደ፣ መኪናው ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ታስሮ ወረታ ገባሁ። ሜዳው ሁሉ ውሃ ተኝቶበታል። ይርጋ ግቢ ውስጥ ሆኖ ከኩሬው ያወጣውን የጥሩሩን ጀርባ ለዶሮ ቤቱ ጣሪያ ሊያደርገው ይታገላል። ቀና ብሎ አየኝ። መዶሻውን አስቀመጠ። ከእግሩ ጀምሮ ተነፈሰ። እኔም ተነፈስኩ።

አሁንም የምቀመጥ ሰው አልሆንኩም። መንገድ ዳር ስፌት ቤት ከፈትኩ፤ መኪና ሲያልፍ ቀና እላለሁ። ሲያሰኘኝ ጎንደር እሄዳለሁ፤ ይርጋ ሻንጣዬን አውጥቶ አቧራውን ያራግፍልኛል፤ እመለሳለሁ። ደንበኞቼ ደግሞ «ተንፍሺ» ብለው ስም አውጥተውልኛል። ሙሽራም ትሁን ቄስ፣ ሜትሩን ከማጥበቄ በፊት ሁሉንም «ይተንፍሱ» እላለሁ። ትንፋሹ ገብቶ ካልወጣ መርፌ አልሰካም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ የምትወዱትን ሰው ልታስቀሩ ስትሉ እጃችሁ ላይ ምን እንዳለ ተመልከቱ። ስታስሩት ሰፊ ይመስላችኋል፤ ለእኔም ሁለት ጣቴ ይገባ ነበር። ደግሞ «ጠበበኝ» ሲላችሁ በመጀመሪያው ጥሪ ውጡ።

ከይርጋ ጋር ዛሬም እንጣላለን። ነገሩ ሲከርብን ብድግ ብሎ ይወጣና በጓሮው በኩል ያን የዛገ የዶሮ ቤት ብረት ማንኳኳት ይጀምራል። «የምድር ሰዎች ሆይ!» ይላል። እኔ ኩርፊያዬን ለመያዝ እታገላለሁ፣ ዶሮዎቹ ይንጫጫሉ፣ እሱ እንደገና ያንኳኳል። በመጨረሻ በሩን እከፍትለታለሁ።